ስንት አደርክ?

በለስላሳ ሰፈር ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንደምን አደርክ?» አይባባልም። «ስንት አደርክ?» ነው የሚባባለው። የተጠየቀው ቁጥሩን ይናገራል፤ ጠያቂው ቁጥሩ ደህና ከሆነ «ተመስገን»፣ ዝቅ ያለ ከሆነ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ይልና ሁለቱም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ቁጥሩ የፕላትሌት ቁጥር ነው፤ በሺህ ይነገራል። ፕላትሌት ማለት ሰው ሲቆረጥ ቁስሉ አፍ ላይ ተሰብስባ ደሙን የምታቆም፣ በዓይን የማትታይ የደም ቅንጣት ናት። ጤነኛ ሰው ከመቶ ሃምሳ ሺህ በላይ አለው። ከሃምሳ ሺህ በታች የወረደውን ሕጉ «ቀይ» ይለዋል፤ ቀይ ደግሞ ስለት፣ መስታወትና የሾለ ጥግ ባለበት ከተማ ውስጥ እንዲኖር አይፈቀድለትም። ለራሱ ሲባል ነው። በለስላሳ ሰፈር የሚደረገው ነገር ሁሉ ለሰው ለራሱ ሲባል ነው።

ይድነቃቸው አሥራ ስምንት ያድራል። አንዳንድ ቀን አሥራ ስድስት፤ አንድ ጊዜ ደግሞ በፋሲካ ማግስት ሃያ አንድ አድሮ ጎረቤቶቹ እንኳን ደስ አለህ ብለውታል። እዚህ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

ሰፈሩ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ነፋስ የማያርፍበት ሜዳ ላይ ነው የተሠራው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወል ይደወላል። ሰው ሁሉ ክንዱን በግድግዳው ቀዳዳ ያስገባል፤ ማሽኑ ደሙን ሐምራዊ ክዳን ባለው ብልቃጥ ይቀዳል፤ መርፌው የገባበትን ቦታ አሥር ደቂቃ ጨብጦ ይይዝና ይለቃል። ብልቃጦቹ በሳጥን ሆነው በድሮን ወደ መቁጠሪያ ጣቢያ ይሄዳሉ። ሁለት ሰዓት ቆይቶ ቁጥሩ በየሰዉ በር ላይ ይበራል። በዚህ መካከል ሰው የሚሠራው ብዙ ሥራ የለውም። ጥርስ በስፖንጅ ይታሻል። ጥፍር አይቆረጥም፣ ይሞረዳል። ጢም በቅባት ይረግፋል። ግድግዳው፣ የአልጋው ጫፍ፣ የበሩ መቃን፣ ሁሉም በስፖንጅ ተለብጧል። ቆሎ ድድ ይቧጭራል ተብሎ ክልክል ነው፤ የቆሎ ነገር ከሁሉም በላይ የሚቆጫቸው ሽማግሌዎች አሉ።

አዲስ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚናገረው ነገር አንድ ዓይነት ነው። «እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ስህተት ነው» ይላል። ነባሮቹ አይከራከሩትም። «ይሁንልህ» ይሉታል፤ ሴት ከሆነች «ይሁንልሽ»። በክፋት አይደለም፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዜር ያጥናህ» እንደማለት ያለ ነገር ነው። ይድነቃቸውም ስድስት ወር ያህል እንዲያው ሲል ከርሞ፣ «ይሁንልህ» ሲበዛበት ጊዜ ተወው። ሰው ሁሉ ታመሃል ሲለው ያላመመውን ወገቡን መያዙ አይቀርም።

ከመግባቱ በፊት በርና መስኮት የሚሠራ አናጺ ነበር። የሥራ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ ደም ሰጠ፤ አሥራ ሰባት ሺህ የሚል ቁጥር መጣ። በሦስት ቀን ውስጥ መጋዙን ለሰው ሰጥቶ ገባ። መጀመሪያ ፊት የሚያሳብጥ ክኒን አስዋጡት፤ ፊቱ አበጠ፣ ቁጥሩ አልተነሳም። በሦስተኛው ዓመት ጣፊያው ፕላትሌቶቹን እየበላበት ይሆናል ብለው ጣፊያውን አወጡለት። ቁጥሩ አሁንም አሥራ ስምንት። ማሽኑ በማኅደሩ ላይ «ለሕክምና የማይበገር» ብሎ ጻፈበት። ቀዶ ሕክምናው ላይ ምን ያህል ደም እንደፈሰሰው የጠየቀ ሰው አልነበረም። የፈሰሰው ከአንድ የቡና ስኒ አይበልጥም።

ሚስቱ በዚያው በሦስተኛው ዓመት ሌላ ባል አገባች፤ አይፈረድባትም። ልጁ ሶልያና ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ትመጣለች። ሲለያዩ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ቀይ ሰው እንዴት ሰላም እንደሚባል አስተምረዋታል፦ ማቀፍ የለም፣ መጨበጥ የለም፣ የጣቶችን ጫፍ ትከሻው ላይ ማሳረፍ ብቻ። እንደ ታዘዘችው ታደርጋለች። እሱም ያቺ የጣት ጫፍ ያረፈችበትን ትከሻውን ይዞ ስድስት ወር ይጠብቃል።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ መጣለት። «ከወላጆቻቸው አንዳቸው ቀይ የሆኑ ዜጎች፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው፣ ቁጥራቸው ወደፊት ሊወርድ ስለሚችል፣ ከወላጃቸው ጋር ይቀላቀላሉ» ይላል። የሶልያና ቁጥር ሁለት መቶ አርባ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሁለት መቶ አርባ ነው። አሥራ ስምንት የሚሞላት ጥር ሃያ ነው። ከደብዳቤው ግርጌ በደቃቅ ፊደል፣ የወላጁ ቁጥር ከታረመ ትእዛዙ እንደማይጸና ተጽፏል። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚለው ተረት ሕግ ሆኖ መጣ።

በዚያ ሳምንት ነው እትዬ ምንትዋብ የጠሩት። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሰፈሩ ከገቡ ስምንት ወራቸው። ከዚያ በፊት ሰላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ሲመረምሩ ኖረዋል፤ ሰው በዓይኑ በሚመረምርበት ዘመን ጀምረው፣ ሰው በማያስፈልግበት ዘመን ጡረታ ወጡ። ሲጠሩት ይድነቃቸው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ልብስ ያጥብ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ወዲህ ና። እግርህን ልየው።»

«ምን ሆነ እትዬ?»

«ምንም አልሆነም። እሱ ነው የገረመኝ።»

ቀሚሳቸውን ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ አድርገው የራሳቸውን አሳዩት። ቅልጥማቸው ላይ ቁንጫ የፈጀው የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ ተርከፍክፏል። በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት አይጠፋም። ከጉልበታቸው በታች ደግሞ የእጅ መዳፍ የሚያህል የበለዘ ቦታ አለ።

«ይኸውልህ፣ የፕላትሌት ማነስ ማለት ይሄ ነው። ዘጠኝ ሺህ የሚያድር ሰው እግሩ ይሄን ይመስላል። ይሄ የበለዘው ከምን እንደመጣ ታውቃለህ? ከምንም። ተኝቼ ነው የተነሳሁት። ባለፈው ሳምንት ነስር ይዞኝ ፎጣ ሙሉ አረጠብኩ። አንተን በአሥራ አንድ ዓመት ስንት ጊዜ ነሰረህ?»

«አንድም ጊዜ።»

«ድድህስ?»

«የለም።»

«ስትገረዝ ብዙ ደምተህ ነበር?»

ይድነቃቸው አፈረ። «እኔ እንጃ። እናቴ የነገረችኝ ነገር የለም።»

«ደምተህ ቢሆን ትነግርህ ነበር፤ እናት እሱን አትረሳም። ጥርስ አስነቅለህ ታውቃለህ?»

«ሁለት። ጠዋት ተነቅዬ ከሰዓት ሥራ ገብቻለሁ።»

«አናጺ ነህ ብለውኛል። መጋዝ አላገኘህም?»

የግራ አውራ ጣቱን ዘርግቶ የድሮውን ጠባሳ አሳያቸው። «አጥንቴ እስኪታይ ቆርጦኛል። በጨርቅ ጠቀለልኩትና መስኮቱን ጨረስኩ።»

እትዬ ምንትዋብ ጠባሳውን በጣታቸው ዳሰሱ። «ይሄንን ማንም አልጠየቀህም?»

«ማን ይጠይቀኛል? የሚያዩት ቁጥር ነው።»

«እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው ይሄንን ነበር» አሉ። ከዚያም ልብሱን ትቶ አጠገባቸው እንዲቀመጥ አደረጉና ነገሩን በቀስታ አስረዱት። ሐምራዊው ብልቃጥ ውስጥ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አለ። ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም። ከሺህ አንድ ለሚሆን ሰው ግን ያ መድኃኒት ፕላትሌቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ሰውነቱ ውስጥ ሳሉ ደህና ናቸው፤ የሚጣበቁት ብልቃጡ ውስጥ ነው። ሲቆይ ደግሞ ይብስበታል፤ የዚህ ሰፈር ብልቃጥ ሁለት ሰዓት ይቆያል። «ማሽኑ የተጣበቁትን ነጥሎ መቁጠር አይችልም» አሉ። «ዳስ ውስጥ ሃምሳ ለቀስተኛ ተቀምጦ፣ ከውጭ ሆኖ አንድ ዳስ ብሎ እንደሚቆጥር ሞኝ ነው። በሰማያዊ ክዳን ብልቃጥ፣ በሌላ መድኃኒት ቢቀዳ ትክክለኛው ይወጣል። ወይም በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። እኛ ቁጥሩ ዝቅ ሲልብን ሳናይ አንለቅም ነበር። ማሽን የቆጠረውን ዓይን ካላየው ሥራው አላለቀም ይለን ነበር አለቃችን።»

«እና እኔ ጤነኛ ነኝ?»

ቃሉን ካፉ ካወጣው አሥር ዓመት አልፎታል። እሳቸው «ይሁንልህ» አላሉትም። «ሳላይ አልናገርም። መስታወት አምጣልኝ» አሉ።

ማይክሮስኮፑ ነበራቸው። ሲገቡ በነጠላ ጠቅልለው በሻንጣቸው ይዘውት ገቡ፤ በር ላይ ያለው ፈታሽ ማሽን በዝርዝሩ ውስጥ ስሙ ስለሌለ ምንም እንዳላየ አሳለፈው። ደም የሚያቀልሙበት አንዲት ብልቃጥ ቀለምና አንድ ባዶ ሐምራዊ ብልቃጥም ከድሮ ሥራቸው ቀርቷቸዋል። ደሙ የሚቀባበት መስታወት ግን አልነበረም። በሰፈሩ ውስጥ አንዲት ስባሪ መስታወት አይገኝም።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አሉት።

ይድነቃቸው ክፍሉ ገብቶ ግድግዳውን እየደባበሰ አሰበ። ይህ ቤት ሰፈር ከመሆኑ በፊት የወታደር ካምፕ ነበር። ግንበኛ ደግሞ ሰነፍ ነው፤ የሚሸፈን ነገር አይነቅልም። ከአልጋው በላይ ያለውን ስፖንጅ በጥፍሩ ፈልቅቆ ሲያነሳው ከሥሩ መስኮቱ እንዳለ ቆሟል፤ አቧራ የጠገበ መስታወት፣ በእርሳስ ምልክት የተደረገበት መቃን። የማያውቀውን አናጺ መረቀው። የመስታወቱን ጥግ በጫማው ተረከዝ ሰበረና አንዱን ስባሪ ሲያነሳ ጠቋሚ ጣቱን ቆረጠው።

ደሙ ወጣ። ይድነቃቸው መሬት ላይ ቁጭ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህች ደቂቃ ትሞታለህ ሲባል ኖሯል፤ የእናቱን ስም ጠራ። እንዲያ ሆኖ ግን መቁጠር ጀመረ። ስድሳ ቆጠረ፣ ደሙ ይንጠባጠባል። መቶ ሃያ፣ ቀስ ብሏል። ሁለት መቶ አርባ ሲደርስ ጠብታዋ ጫፉ ላይ ቆመች፤ ጠቆረች፤ ሌላ አልመጣም። በሌላ እጁ ሲነካት ረግታለች። ያኔ አለቀሰ። ልጁን አሥራ አንድ ዓመት ያላቀፋት ለዚህች ጭረት ነበር።

በማግስቱ እትዬ ምንትዋብ በስባሪው ጫፍ ጣቱን ሆን ብለው ወጉት። የመጀመሪያውን ጠብታ በቀጥታ አንዱ መስታወት ላይ ቀቡት። የቀረውን ሐምራዊው ብልቃጥ ውስጥ አንጠባጠቡና ሁለት ሰዓት አቆይተው ሌላው መስታወት ላይ ቀቡት። ቀለሙን አፍስሰው፣ አጥበው፣ አድርቀው፣ ከበሩ በሚገባው ብርሃን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከንፈራቸው ይቆጥራል።

«ከጣትህ በቀጥታ በወሰድኩት ላይ በአንድ እይታ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት አለ። በሃያ ሺህ አባዛው፤ ሁለት መቶ አርባ ማለት ነው። የልጅህ ቁጥር ስንት ነው ያልከኝ?» ከዚያ ሁለተኛውን አስገብተው ቦታቸውን ለቀቁለት። «እስቲ ራስህ እይ።»

አየ። በሮዝ ክቦች መካከል ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ደቃቅ ቅንጣቶች፣ እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው፣ እዚህም እዚያም ተቆልለዋል። ጣፊያውን ያስወጡት እነዚህ ናቸው፤ ሚስቱንም የወሰዱበት እነዚህ ናቸው። ቆጨው፤ ግን ደስ አለው። ጥር ሃያ ገና ነው።

ተቆጣጣሪው ኪሩቤል በየወሩ መጀመሪያ ይመጣል። ሰላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ትሑት፣ ሰው ሲናገር አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚሰማ ልጅ ነው። ጥር ሁለት ቀን ይድነቃቸው እጁን ይዞ ወደ እትዬ ምንትዋብ ክፍል አስገባው። መስታወቱን ሲያይ ደነገጠ፤ ሊከሳቸው ይችል ነበር፣ አልከሰሰም። እትዬ ምንትዋብ ነገሩን ከሥሩ አስረዱት፤ ከዚያ ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጎ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ደግሞ የመጀመሪያውን አየ።

«ገብቶኛል» አለ ቀና ብሎ። ፊቱ ተለዋውጧል። «ተጣብቀዋል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እንግዲህ ጻፍልኝ፣ ወንድሜ» አለ ይድነቃቸው።

ኪሩቤል ቅጽ የሚሞላበትን ሰሌዳ አወጣ። ቅጹን በጣቱ ከላይ እስከ ታች ገፋው፣ ደግሞ መለሰው። «አየሁ፤ ግን ያየሁትን የት ላይ ልጻፈው?»

«አየሁ ብለህ ነዋ!»

«ቁጥር የሚገባበት ቦታ ነው ያለው። ቁጥሩም ከጣቢያው ካልመጣ አይቀበልም። እኔ መጻፍ የምችለው ስለ ስፖንጁና ስለ ምግቡ ነው።»

«በሰማያዊ ብልቃጥ ይቀዳና ጣቢያው ይቁጠረው» አሉ እትዬ ምንትዋብ።

«ጣቢያው የሚያውቀው ሐምራዊ ብቻ ነው፣ እማማ። ሰማያዊ ከተተወ ቆይቷል።» ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ መንገድ አለ። ፈቃድ ያለው የላቦራቶሪ ባለሙያ በፊርማው አስተያየት ካቀረበ፣ እንደ አቤቱታ ይያዛል።»

ይድነቃቸው ወደ እትዬ ምንትዋብ ዞረ። እሳቸው ግን መሬት መሬት ያያሉ።

«ፈቃዴን ቀይ የሆንኩ ዕለት ሰርዘውታል» አሉ። «ሥራው መስታወት አለው ብለው።»

«ውጭ ሌላ ባለሙያ አይጠፋም» አለ ይድነቃቸው።

«ይፈለጋል» አለ ኪሩቤል፣ እና እውነቱን ነው፤ ፈለገ። በሳምንቱ ለእትዬ ምንትዋብ መልእክት ላከ። ፈቃድ ያላቸው አራት ሰዎች አግኝቷል፤ አራቱም ማሽን ጠባቂዎች ናቸው፤ ደም በማይክሮስኮፕ አይቶ የሚያውቅ የለም፤ ባላዩት ነገር ላይ አይፈርሙም። «እርስዎን አምናለሁ፣ ይቅርታ» ይላል መጨረሻው።

እትዬ ምንትዋብ ግን በዚህ አልተመለሱም። ለእያንዳንዳቸው እጽፋለሁ፣ ማየት አስተምራቸዋለሁ አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብለው የሚያዩትን በእጃቸው ሥለው፣ ከጎኑ ይሄ ምንድን ነው፣ ይሄ ምንድን ነው እያሉ ጻፉ። ይድነቃቸው ሻይ ያቀርብላቸዋል። በሦስተኛው ቀን ራሴን አመመኝ አሉ።

«ቁጥርዎ ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ አድሬያለሁ፤ ሁለት ጨምሬያለሁ» ብለው ሳቁ። «ተመስገን በለኝ እንጂ።»

«ተመስገን።»

በማግስቱ ጠዋት ደወሉ ሲደወል ክንዳቸው በቀዳዳው አልገባም። ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር የደሙት። ማሽኑ ቁጥራቸው ከወትሮው የተሻለ ስለነበር አደጋ አላመለከተም። የመጨረሻው ደብዳቤ ግማሽ ገጽ ላይ ቆሟል፤ የተጣበቁት ቅንጣቶች ሥዕል አልቋል፣ የቅንጣቶቹ ስም ግን ከጎኑ አልተጻፈም። ይድነቃቸው ማይክሮስኮፑን በነጠላቸው ጠቅልሎ ወደ ክፍሉ ወሰደ። ደብዳቤዎቹን ለኪሩቤል ሰጠው። መልስ አልመጣም።

ጥር ሃያ ቀን ሶልያና መጣች።

ከበሩ እስከ እሱ ክፍል ድረስ ነባሮቹ ተሰልፈው ተቀበሏት፤ አዲስ ሰው ሲገባ እንደዚያ ነው ወጉ። ለስላሳውን ልብስ አልብሰዋታል። ለእያንዳንዱ ሰው «እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ሁለት መቶ አርባ ነኝ» ስትል ድምፅዋ ይሰማዋል። እነሱም ለእያንዳንዷ ቃል «ይሁንልሽ፣ የኔ ልጅ»፣ «ይሁንልሽ» ይሏታል። ክፍሉ ስትደርስ ዓይኗ ቀልቷል፤ መናገሩንም አቁማለች።

በሩ ላይ ቆመች። ቁመቷ ከእናቷ በልጧል። እጇን ዘርግታ፣ ከሕፃንነቷ እንደ ተማረችው፣ የጣቶቿን ጫፍ ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«የለም» አለ ይድነቃቸው። ክንዶቹን ከፈተ። «እንዲያ አይደለም። እቀፊኝ። አጥብቀሽ።»

«ይበልዝሃል፣ አባዬ።»

«አይበልዘኝም። ነይ የማሳይሽ ነገር አለ፤ መስታወት አለኝ፣ በዓይንሽ ታይዋለሽ። ብልቃጡ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልነበረኝም በሽታው።» ቃላቱ ተደራረቡበት። «ሶሊዬ፣ ስሚኝ፤ እኔ ጤነኛ ነኝ።»

ሶልያና አየችው። የስፖንጁን ግድግዳ፣ ከአልጋው በላይ የተፈለቀቀውን ጥግ፣ በነጠላ የተጠቀለለውን ነገር አየች፤ ከዚያ ተመልሳ ፊቱን አየች። ሰፈሩ ከገባች ገና ሰዓት አልሞላትም። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ጣቶቿን ከትከሻው ላይ በጥንቃቄ አነሳች፤ እንዳይከፋውም ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ይሁንልህ፣ አባዬ» አለችው።